ዘ ናሮው ማርጂን (1952)፦ ደግሜ ሳየው ባቡሩን ትቼ ሴትየዋን ያዝኩ

የሌሊት ፈረቃ

ማስጠንቀቂያ፦ መጨረሻውን ሳልደብቅ ነው የምጽፈው። ፊልሙ 71 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያላያችሁት አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

መጀመሪያ ያየሁት ከዓመታት በፊት ነው። «አሪፍ ነው» ብዬ አለፍኩት። ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ባቡሩና የቻርልስ ማክግሮው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስለው ያ ድምፅ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደግሜ ከፈትኩት፤ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው መልሼ እንደገና አየሁት። ያስቀመጠኝ ባቡሩ አልነበረም፤ ማሪ ዊንድሰር ናት።

ለረሳችሁት ባጭሩ። ፖሊሶቹ ሳጅን ብራውን (ማክግሮው) እና ባልደረባው ፎርብስ ከሎስ አንጀለስ ቺካጎ ድረስ የሚመጡት አንዲት ሴት ለመውሰድ ነው። የተገደለ የማፊያ ሰው ሚስት ናት፤ ጉቦ ሲከፈላቸው የኖሩ ሰዎችን ስም ዝርዝር ይዛ ሎስ አንጀለስ ላይ ልትመሰክር ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች «ምን ዓይነት ሴት ትሆን?» ብለው ይወራረዳሉ። ብራውን ገና ሳያያት ፈርዶባታል፤ ብልጭልጭ፣ ርካሽ፣ ውስጧ መርዝ። በሩ ሲከፈት ልክ እሱ ያላት ሴት (ዊንድሰር) ቆማለች።

ከዚያ ደረጃው አለ። ሲወርዱ የአንገቷ ዕንቁ ይበጠሳል። ፍሬዎቹ እየነጠሩ ይወርዳሉ፣ ካሜራውም አብሯቸው ይወርዳል፣ ታች ጨለማ ውስጥ የተደበቀ ሰው ጫማ ሥር ይደርሳሉ። ሙዚቃ የለም። ፎርብስ እዚያው በጥይት ይወድቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብራውን ሴትየዋን እንደ ደመኛው ነው የሚያያት።

አሁን ወደ ነገሬ። ሴትየዋ ሚስቲቱ አይደለችም። ሴት ፖሊስ ናት። እውነተኛዋ ሚስት በዚያው ባቡር ልጇንና ሞግዚቱን ይዛ የምትጓዘው ጨዋዋ አን ሲንክሌር (ጃክሊን ኋይት) ናት። ዊንድሰር ገዳዮቹን ወደ ራሷ እንድትስብ፣ በዚያውም ብራውን ጉቦ ይበላ እንደሆን እንድትፈትነው የተላከች ናት። ይህን አውቃችሁ ስታዩት ስድቧ፣ ሲጋራ አጫጫሷ፣ «ዝም በይ» እየተባለች ግራሞፎኑን ማስጮኋ፣ ሁሉም ሥራ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የሚጠላትን ሰው ይበልጥ እንዲጠላት እያደረገች፣ ሲሸጣትም እንዳይሸጣትም የምትጠብቅ ሴት።

የከነከነኝ ይሄ ነው፦ ይገድሏታል፣ ማንም አያለቅስላትም። ለፎርብስ ብራውን አንጀቱ ሲቃጠል አይተናል። ለእሷስ? እውነቱን ከአን አፍ ይሰማል፣ ተኩስ ይመጣል፣ ባቡሩ ሎስ አንጀለስ ይደርሳል፣ ብራውንና አን ጎን ለጎን ሆነው ይወጣሉ። የጸሐፊው ዝርክርክነት ነው ወይስ ታስቦበት ነው?

ጥቁርና ነጭ

ዝርክርክነት ነው፤ ሌላ ስም አናውጣለት። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ሴራው ግን ውሃ አይቋጥርም። አንድ መሥሪያ ቤት ገዳዮች በተሳፈሩበት ባቡር ላይ፣ ከገዳዮቹ እንዲያድናት የመደበውን ፖሊስ «ሌባ ይሆን እንዴ?» ብሎ እዚያው ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል? እሺ፣ ሌባ ሆኖ ተገኘ እንበል። እሷን ሸጣት፣ ገደሏት፣ እሱ ፈተናውን ወደቀ። ውጤቱን ማን ያሳውቅ?

ሌላም አለኝ። ብራውን ከክፍሉ ሲወጣም ዊንድሰር ያችኑ ብልጭልጭ ሴት ሆና ነው የምትቀጥለው። ማን ሊያያት ነው? ከእኛ በቀር ማንም የለም። ፊልሙ ያታለለው ብራውንን ሳይሆን ትኬት የቆረጠውን ሰው ነው። እኔ ይሄን ብልጠት ብዬ አልቀበልም።

ድምፅ ያዥ

ሥራዬ ድምፅ ስለሆነ ይህን ፊልም ያየሁት በጆሮዬ ነው ማለት ይቻላል። ስለ ሴራው እናንተ ተከራከሩ።

ለፊልሙ የተደረሰ ሙዚቃ የለም። በ1952 ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም፤ የዚያን ጊዜ የወንጀል ፊልም አንድ ሰው በር በከፈተ ቁጥር ቫዮሊን ይጮህበታል። እዚህ ግን ከሙዚቃው ቦታ የገባው ባቡሩ ራሱ ነው፦ ጎማው፣ ፉጨቱ፣ ብረት ከብረት ሲፋተግ። አንድ ቦታ ላይ ዊንድሰር ጥፍሯን ስትሞርድ እናያለን፤ የሞረዱ ፍትጊያ ሳይቋረጥ ምስሉ ወደ ባቡሩ ጎማዎች ይዘላል። እጇና ባቡሩ አንድ ማሽን የሆኑ ይመስላል። ይህን ቁርጥ ለጀማሪዎች ሳሳይ ሁለት ጊዜ እያስደገምኩ ነው።

የካሜራውም ነገር አለ። የባቡር ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ሲሠራ የተለመደው ክፍሉን ከሥር እያወዛወዙ ማንሳት ነው። ዳይሬክተሩ ፍላይሸር ይህን አላደረገም። ክፍሎቹን ከወለሉ ጋር አጣብቆ፣ ካሜራውን በእጅ አስይዞ፣ የተወዛወዘው ካሜራው ነው። ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም፤ ውጤቱ ደግሞ እንደምታዩት ነው። መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ብራውንና ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ኬምፕ የሚደባደቡበትን አስታውሱ፦ ግድግዳው ክርን ይነካል፣ የጫማው ሶል ቀጥታ ወደ ካሜራው መነጽር ይመጣል። ካሜራ ያዡ ጆርጅ ዲስካንት ይባላል፤ ስሙን ማንም አያነሳውም፣ እኔ ላንሳው።

አንድ ነገር ብቻ ለየሌሊት ፈረቃ። ከዚያ ፊልም ጆሮዬ ላይ የቀረው ሙዚቃ ከሴትየዋ ግራሞፎን የሚወጣው ነው። እሷ ስትሞት የሚቀረው ብረት ነው። ማንም አላለቀሰላትም ስትል ይህንንም ቁጠረው።

ዝምተኛዋ

ከታች ወደ ላይ የማንበብ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ ማስጠንቀቂያውን ያገኘሁት ሁሉን ካወቅሁ በኋላ ነው። አሁን ልየው ወይስ ልተወው?

የሌሊት ፈረቃ

እዪው እንጂ! እንዲያውም ታድለሻል። እኛ አንድ ጊዜ ተታልለን ነው ሁለተኛውን ያገኘነው፤ አንቺ ቀጥታ ሁለተኛው ላይ ነው የምትገቢው።

ጥቁርና ነጭ፣ «ውጤቱን ማን ያሳውቅ» ያልከው አስቆኛል፣ አልዋሽም። ግን ነገሩን ከአለቆቹ ወንበር ሆነህ እየው። ዋናዋ ምስክር ከልጇ ጋር በሰላም እየተጓዘች ነው። የላኳት ሴት ብትሞትም ምስክሯ ትተርፋለች። ለእነሱ ሒሳቡ ትርፍ አለው። ሰው አያደርገውም ማለትህ ከሆነ እስማማለሁ፤ መሥሪያ ቤት አያደርገውም ካልከኝ ግን እንለያያለን።

የድሮ ሰው

ልጆች፣ ስትከራከሩ ደስ ትሉኛላችሁ። እኔ ወሬውን ላምጣ፣ እናንተ ፍረዱ።

ይህ ፊልም ሲሠራ ማንም ትልቅ ነገር አልጠበቀበትም። ያኔ ሲኒማ ቤት በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ይታይ ነበር። ዋናው ባለ ትልቅ ስም ተዋናዮች፣ ሁለተኛው አጭርና ርካሽ። የሁለተኛው ኪራይ በቁርጥ ዋጋ ስለነበር ብዙ ሰው ቢያየውም ስቱዲዮው ያው ነው የሚያገኘው። ስለዚህ «በቶሎ ጨርስ፣ ገንዘብ አታባክን» ከማለት በቀር የሚቆጣጠር የለም። ሪቻርድ ፍላይሸር ሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀርጾ ጨረሰው። ነፃነት ከድህነት ጋር አብራ የመጣችበት ጊዜ ነው።

የተቀረጸው በ1950፣ ሕዝብ ያየው በ1952። መሀል ላይ የት ነበር? የአርኬኦ ስቱዲዮ ባለቤት ሃዋርድ ሂዩዝ እጅ ላይ። ሂዩዝ ስቱዲዮውን በ1948 ከገዛ በኋላ ያለቀ ፊልም ይዞ መቀመጥ፣ መነካካት፣ እንደገና አስቀርጹ ማለት አመሉ ነበር።

እናንተ ያላነሳችሁት ጊዜውን ነው። ፊልሙ በተቀረጸበት በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት በሴናተር ኪፎቨር የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ ከከተማ ከተማ እየዞረ የወንበዴዎችን ጉዳይ ይመረምር ነበር። ምስክርነቱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ሰዉ ሥራውን ትቶ ያያል። ከዚያ የወጣው ትልቁ ነገር ወንበዴ መኖሩ አልነበረም፤ እሱንማ ሁሉም ያውቃል። ፖሊሱና ሹሙ አብረው መብላታቸው ነው። «ጉቦ የበሉ ሰዎች ዝርዝር» ሲባል የዚያ ዘመን ተመልካች ሆዱ ይላወሳል። «ይሄኛው ፖሊስ ንጹሕ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ለእነሱ የፊልም ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

ደግሞ ታሪኩ ተራ እንዳይመስላችሁ፤ ማርቲን ጎልድስሚዝና ጃክ ሌናርድ የደረሱት ይኸው ታሪክ ለኦስካር ታጭቷል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፊልም ብርቅ ነው።

ወለላ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን፤ የኪፎቨርን ነገር አላሰብኩትም ነበር፣ አሁን ብዙ ነገር ቦታው ገባልኝ።

እኔ የምለው ግን፣ ሁላችሁም ስለ ሞቷ ነው የምታወሩት። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ቀደም ይላል፦ ለምን አልነገረችውም?

ተከተሉኝ። የወንበዴዎቹ ሰው መጥቶ ለብራውን ጉቦ ያቀርብለታል፤ ብራውን እምቢ ይላል። ከዚያ እሷ ራሷ ትገፋፋዋለች። ይህ ባቡር ወደ መቃብር ነው የሚሄደው፣ ጥቅም ጭኖ የሚመጣው ሌላኛው ላይ እንሳፈር ትለዋለች በራሷ አነጋገር። ያንንም እምቢ ይላል። በቃ! ፈተናው አለቀ። ሰውየው አለፈ። የማትሸጥ ነፍስ እንዳለችው በዓይኗ አየች። ከዚያ በኋላ «ስማ፣ እኔም እንዳንተ ፖሊስ ነኝ» ብትለው ምን ትጎዳ ነበር? ሁለት ሽጉጥ ይሆኑ ነበር፣ እስካሁን አንድ ከሆኑ።

ሁለት መልስ አለኝ፣ ሁለቱም አያስተኛኝም። አንደኛው፣ ታዛለች፤ «እስከ ሎስ አንጀለስ አፍሽን ያዢ» ተብላለች፣ ያዘች። ሁለተኛው የከፋው ነው። ብራውን ከበሩ ጀምሮ ሲሰድባት፣ ሲንቃት፣ የባልደረባውን ሞት ሲያሸክማት ቆይቷል። በሐሰተኛ ስሟ የሰጣትን ንቀት በእውነተኛ ስሟ ለመቀበል ማን ይቸኩላል? ሥራዋ መጠላት ነበር፣ በደንብ ሠራችው፤ መጠላቱ ግን እሷው ላይ ነው ያረፈው።

ጥቁርና ነጭ ብቻዋን ስትሆንም ትወናውን አትተውም ብሎ እንደ ስህተት የቆጠረው ለእኔ የዊንድሰር ትልቁ ነገር ነው። አንዴ እንኳ ለእኛ አልጠቀሰችንም። ከዚህ ያነሰች ተዋናይ ብትሆን በሩ እንደተዘጋ ትከሻዋን ዝቅ ታደርግ፣ ትተነፍስ፣ «አይዞህ ተመልካች፣ ጥሩ ሰው ነኝ» የሚል አንድ እይታ ትጥል ነበር። ይህችኛዋ ግን ግድግዳው ቀጭን እንደሆነ የምታውቅ ሰው ነች።

ጥቁርና ነጭ

«ግድግዳው ቀጭን እንደሆነ የምታውቅ ሰው።» እሺ ወለላ፣ ይቺን ሰጠሁሽ። ብቻዋን ስትሆን ያለውን ክሴን አንስቻለሁ። ኮሪደሩ ሁሉ ጆሮ በሆነበት ባቡር ውስጥ «ብቻዬን ነኝ» ማለት ሞኝነት ነው።

ዋናው ክሴ ግን እንዳለ ነው። ታዛ ዝም አለች ካልን ጥሩ፤ ግን ብራውንስ? ሲነገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ይነሰው? ኮፍያውን ማንሳት ይነሰው? ሰውየው ቀኑን ሙሉ «አንቺ ቆሻሻ» ሲላት የዋለችው ሴት የሥራ ባልደረባው ሆና ተገኘች፣ በእሱ ጥበቃ ሥር ተገደለች፣ ፊቱ ላይ የሚታየው ለሚቀጥለው ተኩስ መዘጋጀት ነው። ይህን «ታስቦበት ነው» ካላችሁ ማንኛውም ጉድለት ታስቦበት ነው ሊባል ነው።

በነገራችን ላይ በ1990 ጂን ሃክማንና አን አርቸርን ይዘው እንደገና ሠርተውታል። ባቡሩ አለ፣ ተራራው አለ፣ ቀለሙ አለ። የማስመሰሉ ታሪክ ግን ወጥቷል፤ ምስክሯ ምስክር ብቻ ናት። ሴራው ውሃ ይቋጥራል። ፊልሙን ግን ማን ያስታውሰዋል? የራሴን ክርክር በራሴ እያፈረስኩ እንደሆነ ይታወቀኛል።

የድሮ ሰው

ተሳስተህም ሳትሳሳትም ደስ የምትል ተከራካሪ ነህ።

ስለ ርዕሱ አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ «ጠባብ ልዩነት» እያለ ሲተረጉመው አያለሁ። ምን ሆነን ነው? «ለጥቂት» የምትባል ቃል እያለችን! ለጥቂት አመለጠ፣ ለጥቂት ሳተው፣ ለጥቂት ተረፈች። ለዚያች ሴት ግን «ለጥቂት»ም አልተገኘላትም።

ድምፅ ያዥ

«ለጥቂት» ከተባለ ስለ ወፍራሙ ሰውዬ ማንም አለማውራቱ ገርሞኛል። በዚያ ኮሪደር ላይ ብራውን በሮጠ ቁጥር ፖል ማክሲ ሆዱን አስቀድሞ ይመጣበታል፣ አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ አይተላለፉም። መጀመሪያ የምትስቁበት ቀልድ ነው፤ ቀጥሎ «ይሄ ሰውዬ ገዳይ ቢሆንስ?» ያስብላችኋል፤ በመጨረሻ የባቡሩ ድርጅት መርማሪ ሆኖ ይገኛል። ስቱዲዮው ለሰፊ ክፍል ገንዘብ ስላልነበረው ጥበቱን ራሱን ሴራ አደረጉት።

የመጨረሻው ተኩስም እንዲሁ። ገዳዩ አንን ክፍሏ ውስጥ ዘግቶባታል፤ ብራውን ውጭ ነው፤ በተዘጋ በር ቢተኩስ ማንን እንደሚመታ አያውቅም። በዚያች ሰዓት ጎናቸው ባለው ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር አለ። በዚያኛው ባቡር መስኮት ላይ የዚህኛው ክፍል ውስጡ ይታያል። ብራውን የሰውየውን ምስል እዚያ አይቶ በበሩ ውስጥ ይተኩሳል። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ከበሮ ይመታ ነበር። እዚህ ግን መስታወትና የባቡር ድምፅ ብቻ ነው።

ጥቁርና ነጭ፣ አሁን ስጽፈው የገባኝን ልንገርህ፤ ብራውን በመጨረሻ በትክክል ያየው ሰው አለ ከተባለ፣ እሱንም ያየው በሌላ ባቡር መስታወት ላይ ነው። ፊት ለፊት የቆመችውንማ አላያትም።

ጥቁርና ነጭ

ተባበራችሁብኝ።

ወለላ

አልተባበርንብህም፣ ኮሪደሩ ጠቦ ነው።

ዝምተኛዋ

አየሁት። ሁሉን አውቄ ስለገባሁ ገዳዮቹ ምንም አላስፈሩኝም፤ ዓይኔ ከዊንድሰር ላይ አልተነሳም። ወለላ ልክ ነሽ፣ አንዴም አልጠቀሰችም። ማወቄን እያወቅሁ ራሱ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ «እውነትም ሚስቲቱ ናት እንዴ?» ብዬ ተጠራጥሬያለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፣ ለጥያቄህ መልስ የለኝም፤ ይልቅ አንድ ነገር ልጨምርብህ። መጨረሻ ላይ አን ተደብቄ አልሄድም ትላለች፤ ከብራውን ጋር በግልጽ በእግሯ ወደ ፍርድ ቤቱ ልትሄድ ትመርጣለች። ጥሩ አካሄድ ነው፣ ራሷን ቀና አድርጋ። በዚያው ሰዓት ግን እኔ ወደ መጀመሪያው ደረጃ መልሼ ነበር፣ ወደ ዕንቁው። የወንበዴ ሚስት ነች ብዬ ሳየው ዕንቁው በወንበዴ ገንዘብ የተገዛ ጌጥ ነበር። አሁን ግን ያ ዕንቁ የማን ነው? መሥሪያ ቤቷ «ይህን አድርጊ» ብሎ የሰጣት ነው ወይስ ከቤቷ ያመጣችው? ባልደረባው ከሞተ በኋላ አጎንብሶ የለቀማቸው ሰው አለ? እኔ አላየሁም።

ጥቁርና ነጭ

የመሥሪያ ቤቱ ከሆነማ ከደሞዟ ነው የሚቆርጡት።